ለዐይን የተነሣ የደረት ራጅ

አቶ ወልደአረጋይ ካዛንቺስ ሳሉ የዐይናቸው መድከም እምብዛም አላስጨነቃቸውም ነበር። ግራ ዐይናቸው ገና በጎልማሳነታቸው፣ ብረታ ብረት ቤት ሲሠሩ በፈነጠቀ ስብርባሪ ጠፍቷል፤ ቀኙ ደግሞ ከጥቂት ዓመታት ወዲህ በሞራ እየተሸፈነ ሄዶ፣ ሰውን በድምፁ፣ ቀንን በንጣቱ ብቻ ወደ መለየት ደርሰው ነበር። ቢሆንም ከቤታቸው ደጃፍ እስከ አዚዛ ሱቅ፣ ከሱቁም እስከ ኡራኤል ቤተ ክርስቲያን ያለውን መንገድ እግራቸው ያውቀዋል። የትኛው ቦይ ክዳን እንደ ጎደለው፣ የትኛው አጥር ወደ መንገዱ እንደ ገፋ፣ የትኛው ውሻ ጮኾ ብቻ እንደሚተው ያውቃሉ። ዐይናቸው የነሣቸውን ሰፈሩ ይተካላቸው ነበር።

ሰፈሩ ሲፈርስ ያ ሁሉ ዕውቀት ከንቱ ሆነ። አቶ ወልደአረጋይ ልጃቸው ሃብተአብ ወደሚኖርበት ወደ ጎተራ ኮንዶሚኒየም ገቡ። እዚያ ሕንፃው ከሕንፃ፣ ደረጃው ከደረጃ፣ በሩም ከበር አይለይም። በገቡ ሰሞን ብቻቸውን ወርደው ፀሐይ ሲሞቁ ቆይተው ሲመለሱ፣ የማያውቁት ሰው ቤት ገብተው ጫማቸውን አውልቀው ሶፋ ላይ ተቀመጡ። የቤቱ ባለቤት ሀምዲያ የምትባል ወጣት እናት ነበረች። መጀመሪያ ውኃ አቀረበችላቸው፤ ጠጥተው ብርጭቆውን ሲመልሱላት ነው፣ «አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ማንን ፈልገው ነው?» ብላ የጠየቀቻቸው። የጠየቀችው በትሕትና ነበር። እሳቸው ግን ከዚያ ቀን በኋላ ብቻቸውን ከደጅ አልወጡም።

«ይህችን አንዲት ዐይን አስገፍፍልኝ፤» አሉት ሃብተአብን፤ «ሌላ አልጠይቅህም። ደረጃዬን ዐውቄ ልውረድ፣ ቤቴን ዐውቄ ልግባ።»

ሃብተአብ በአንድ የመኪና አስመጪ ድርጅት ውስጥ በኀላፊነት የሚሠራ፣ አባቱን የሚያከብር፣ ማክበሩንም ሰው እንዲያይለት የሚወድ ልጅ ነበር። ኡራኤል አጠገብ ወዳለ አንድ የግል ሆስፒታል ወሰዳቸው። የዐይን ሐኪሙ ዶክተር ፊሮምሳ ዐይናቸውን በመብራት ተመልክቶ ሲያበቃ ነገሩን አላንዛዛውም።

«ሞራው በስሏል፤ ዛሬ ነገ የሚባል አይደለም። ካለፈበት ዐይን ውስጥ ግፊት ይፈጥራል። ያን ጊዜ መቅላት አለ፣ ከባድ ራስ ምታት አለ፣ ማስመለስ አለ፤ ብርሃኑም አንዴ ከሄደ አይመለስም። በሚቀጥለው ሳምንት እንገፈዋለን። እስከዚያ የደም ግፊትና ስኳር ይለኩ፤ በቃ።»

«በቃ?» አለ ሃብተአብ። «ልብ የለ? ሳንባ የለ? አባቴ እኮ ሽማግሌ ናቸው፣ ዶክተር።»

«ያስላቸዋል?»

«ኧረ የለም።»

«ደረጃ ሲወጡ ትንፋሽ ያጥራቸዋል?»

«ከእኔ ይሻላሉ።»

«እንግዲያው የደረት ራጅ ምን እንዲነግረን ነው? የምናደነዝዘው ዐይናቸውን ብቻ ነው፤ እያወሩኝ ነው የምሠራው። ጥያቄ ሳይኖር የሚደረግ ምርመራ አንዳንዴ መልስ ሳይሆን ጣጣ ነው የሚያመጣው።»

«እውነቱን ነው፤» አሉ አቶ ወልደአረጋይ፤ «ጥርስ የታመመ ሰው እግሩን ያሳያል እንዴ?»

ሐኪሙ ሣቀ። ሃብተአብ አልሣቀም፤ ነገሩን እንደ ንቀት ቆጠረው። ለሀብታም ሁሉ ነገር ይታያል፣ ለእኛ ሲሆን ነው «በቃ» የሚባለው እያለ ከፎቅ ወረደ። ታች፣ በእንግዳ መቀበያው፣ ሀኒ የምትባል ልጅ ዐይኗን ከኮምፒውተሩ ሳታነሣ ተቀበለችው።

«የቅድመ ኦፕሬሽን ፓኬጅ አለን፤» አለችው። «ማለቴ፣ ግዴታ አይደለም። ግን ደም፣ ሽንት፣ ልብ፣ የደረት ራጅ፣ ሁሉንም ቼክ ያደርጋል። ብዙ ሰው ለወላጆቹ እሱን ነው የሚመርጠው።»

«ሙሉውን አድርጊልኝ። አባቴ ለግማሽ የሚሆኑ ሰው አይደሉም።»

ይህን ያለው ወዶ ነው፤ መውደዱን ማንም አይክድበትም። በእኛ ዘንድ እንግዳን የወደደ ሰው ከሚበላው በላይ ያቀርብለታል፤ ሃብተአብም ምርመራን እንደ ማዕድ ቆጥሮ፣ ሲበዛ ይበልጥ የሚያከብር መሰለው። ማዕድ ቢተርፍ ይነሣል። የምርመራ ትርፍ ግን የሚነሣበት ቦታ የለውም።

«ከዚህ በፊት የታመሙት ከባድ በሽታ ነበረ?» ስትል ሀኒ ጠየቀች።

«በወጣትነቴ፣» አሉ አቶ ወልደአረጋይ፣ «አሥመራ ሳለሁ ደረቴን…»

«አቦይ፣ እርስዎ ይረፉ፤ እኔ እነግራታለሁ። ምንም የለም በይ፣ እኅቴ። አባቴ ብረት ናቸው።»

በዚህ ከተማ ሽማግሌ ከቢሮ መስኮት ፊት ሲቀርብ ልጁ ይናገርለታል፤ የአባት ዝምታ የልጁ ጨዋነት ማስረጃ ተደርጎ ይቆጠራል። አቶ ወልደአረጋይም ልጃቸውን በሰው ፊት ማረም እሱን ማዋረድ መስሎ ስለ ታያቸው፣ የጀመሩትን ዋጡት። ሀኒም «የለም» ብላ ጻፈች።

ከዚያ ሸሚዛቸውን አውልቀው ቀዝቃዛው ሰሌዳ ላይ ደረታቸውን ለጠፉ፤ «አየር ይሳቡ፣ ይያዙት» ተባሉ፤ ያዙት።

ውጤቱን የተቀበለው ሃብተአብ ነው። ከራጁ ጋር የተያያዘው ወረቀት፣ በቀኙ ሳንባ አናት ላይ ጥላ እንደሚታይ፣ ያረጀ ጠባሳ ሊሆን እንደሚችል፣ ሆኖም ዕጢ አለመሆኑ እንዲረጋገጥ የቀድሞ የሕመም ታሪካቸው ተጠይቆ ተጨማሪ ምርመራ ቢደረግ እንደሚሻል ይናገራል። ሃብተአብ ከዚህ ሁሉ አንዲት ቃል ብቻ አነበበ፤ ዕጢ የምትለውን። አንድ ፎቅ ወጥቶ ወረቀቱን ለዶክተር ፊሮምሳ ማሳየት ይችል ነበር። አልወጣም። አያስፈልግም የተባለውን አስነሥቶ ሞትን ያገኘ ስለ መሰለው፣ ወደዚያ ሰው የሚመለስበት እግር አጣ።

«ምን አሉ?» ሲሉ አቶ ወልደአረጋይ ጠየቁት፣ ሸሚዛቸውን እየቆለፉ።

«ማሽኑ ተበላሽቷል፣ አቦይ። የዐይኑ ማሽን። ሲሠራ ይደውሉልናል።»

በማግስቱ ሃብተአብ እኅቱን ራሕዋንና የሟች እናታቸውን የለተሚካኤልን ወንድም ጋሽ ኪዱን፣ ራሕዋ ከምትሠራበት ባንክ ፊት ለፊት፣ ስታዲየም አካባቢ ካለ ካፌ ሰበሰባቸው። ራጁን ከፖስታው አወጣና ወደ መስኮቱ ከፍ አድርጎ አሳያቸው። ሦስቱም ምን እንደሚያዩ አያውቁም፤ ሦስቱም ግን አዩት።

«ይህች ነች፤» አለ ጋሽ ኪዱ በጣቱ እየነካ፤ የነካው ግን የሽማግሌውን የልብ ጥላ ነበር።

«ተጨማሪ ምርመራ ይደረግ ይላል እኮ፤» አለች ራሕዋ።

«አይነካም!» አለ ጋሽ ኪዱ። «ካንሰር ከተነካ ይሰራጫል። የጎረቤታችን እኅት ደኅና ስትሄድ ስትመጣ መርፌ ወጓት፤ ወሩን አልሞላችም።»

«ዐይናቸውስ? ሐኪሙ ቶሎ ብሎ የለም እንዴ?»

«አንቺ ልጅ፣ ሰውዬው እየሞቱ ነው፤ ስለ ዐይን ታወሪያለሽ?»

ራሕዋ ራጁን ወደ ፖስታው መለሰች። «ቢያንስ ለራሳቸው አይነገራቸውም?» አለች።

«ምን ብለን?» አለ ሃብተአብ። «በቃ፣ አስቢው እስቲ። ሰው የራሱን መርዶ ይሰማል?»

በዚህ ተስማሙ። መርዶን በልክና በሰዓቱ መንገር መልካም ልማዳችን ነው። ልጇ የሞተባትን እናት ሳናነቃ የምናሳድራት፣ ዘመድ ተሰብስቦ ሲነጋ የምንነግራት፣ የሞተው በመዘግየታችን የባሰ ስለማይሞት ነው። እነዚህ ግን ያልሞተውን ሰው አስቀድመው ገነዙት፤ ለእንባ የተሠራውን ልማድ ለጥያቄ በሚሆነው ቦታ አቆሙት። በዚያ ካፌ ውስጥ ከተቀመጡት ሦስት ሰዎች አንዱ እንኳ ወደ ጎተራ ተመልሶ፣ «አቦይ፣ ደረትዎን ታመው ያውቃሉ?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ነገሩ ያን ቀን ባለቀ ነበር። ፍቅራቸው ከመጠየቅ በቀር ሁሉን አደረገ።

ሀኒ ስለ ቀጠሮው ስትደውል ራሕዋ አነሣችው። «ከአገር ውጭ ሄደዋል፤» አለችና ዘጋች።

ከዚያ ወዲያ ዘመድ ሁሉ ዐወቀ፣ የዕድሩ ሰዎች ዐወቁ፣ ከአቶ ወልደአረጋይ በቀር ያላወቀ አልነበረም። ቀድሞ በዓመት አንዴ የማይመጡት በየሳምንቱ ይመጡ ጀመር። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይገባሉ፤ የአባትየውን እጅ ከልክ በላይ ይዘው ይቆያሉ፤ ሲወጡም ደረጃው ላይ አፍንጫቸውን ሲናፈጡ ይሰማል። ሽማግሌው ነገሩ ግራ ቢያጋባቸውም፣ ያስደነገጣቸው ግን የወዳጃቸው የዘነበ ነገር ነው።

ዘነበ የብረታ ብረት ቤት ባልደረባቸው፣ የካዛንቺስ ጎረቤታቸው ነበር። በኖሩበት ዘመን ሁሉ ወልደአረጋይን ሳይሰድብ ሰላም ያለው ቀን የለም። ሞራው ሲጀምራቸው እንኳ፣ «አንተ ሙክት! ሞራህ ከሆድህ ተርፎ ዐይንህ ገባ አይደል?» ብሎ ሰፈሩን አስቆ ነበር። አሁን ግን ይመጣና ይቀመጣል፤ «እንዴት ነህ ወንድሜ፣ በርታ» ይላል፤ ይሄዳል።

«ዘነበ ዛሬም አልሰደበኝም፤» አሉ አንድ ቀን ለራሕዋ። «ምን ሆኛለሁ?»

«ኧረ ምንም አቦይ! አርጅተው ነዋ፣ አክብረውዎት ነው።»

«ማሽኑስ?»

«ዕቃው ከውጭ እየመጣ ነው አሉ።»

ጥያቄውን ጥቂት ጊዜ ደጋገሙት፤ መልሱ ሁልጊዜ ከውጭ እየመጣ ነው። በኋላ ተዉት። ለሞት የቀረበ ሽማግሌ ዐይን ምን ያደርግለታል ብለውኛል ሲሉ ለራሳቸው ደመደሙ፤ በልጆቻቸውም ላይ ልባቸው ሻከረ። ይህን ግን አልተናገሩም፤ ዝምታ በዚያ ቤት ከሁሉም ወገን ነበር።

ክረምቱ ሲገባ ሐኪሙ ያለው ደረሰ። ዐይናቸው እንደ ደም ቀላ፤ ግንባራቸውን በመዶሻ እንደሚመታ ያህል ወጋቸው፤ የቀመሱትን ሁሉ መለሱት። መቅላት፣ ራስ ምታት፣ ማስመለስ፤ ሃብተአብ እነዚህን ሦስት ቃላት በገዛ ጆሮው ሰምቷቸው ነበር። ነገር ግን ሞትን ሲጠብቅ የከረመ ሰው የሚያየው ሁሉ ሞትን ይመስለዋል።

«ካንሰሩ ወደ ራሳቸው ወጣ፤» አለ ጋሽ ኪዱ። «ብዬ አልነበር? የቀረን ጠበል ብቻ ነው።»

የሕመም ማስታገሻ እየሰጡ ጠበል ወሰዷቸው። ጠበሉን የሚያጠምቁት አባት የቀላውን ዐይን አይተው፣ «ሐኪም አይቶታል?» ብለው ጠየቁ።

«አይቶታል አባ፤ ተስፋ የለውም ብለውናል፤» አለ ጋሽ ኪዱ። እንዲህ ያለ ሐኪም በምድር ላይ አልነበረም። ጠበሉ ማንንም አልበደለም፤ በደሉ ሐኪም ቤት መሄድ የነበረበትን ሰው በሐሰት ምስክርነት ወደዚያ ባደረሱት ላይ ነው።

ዘነበ ሊጠይቅ ሲመጣ አቶ ወልደአረጋይ ራሳቸውን በነጠላ አስረው ተኝተው ነበር። እጁን ይዘው ሳቡት።

«ዘነበ፣ ስለ እግዚአብሔር አንድ ጊዜ ስደበኝ።»

ዘነበ ሊሥቅ ሞከረ፤ ከዚያ ግን እንደ ልጅ አለቀሰ። «ምን ብዬ ልስደብህ፣ ወልዱ? እንዲህ ያለ ነገር ሳንባህ ውስጥ ተሸክመህ?»

«ሳንባዬ ውስጥ? ሳንባዬን ማን አየው?»

«ራጅ የተነሣህ ጊዜ… ካንሰር ነው አሉ እኮ። በአናቱ በኩል ጥላ አለ ብለው።»

«በቀኙ?»

«እኔ ምን ዐውቃለሁ! በቀኙ መሰለኝ።»

አቶ ወልደአረጋይ ተነሥተው ተቀመጡ። «አንተ ሞኝ፣ እሱማ ጠባሳዬ ነው! አሥመራ ሳለሁ ሳንባ ነቀርሳ፣ ቲቢ የምትሉት፣ ይዞኝ፣ ዓመት ሙሉ መርፌ ተወግቼ የዳንኩበት። ለተሚካኤል፣ ነፍሷን ይማርና፣ ታውቀው ነበር። ሐኪሙ ያን ጊዜ፣ 'ይህ ምልክት አብሮህ ያረጃል፣ ምንም አያደርግህም' ብሎ አሰናበተኝ።» ከዚያም ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ተጣሩ። «ሃብተአብ!»

ሃብተአብ ከሳሎን መጣ። ሁሉንም ሰማ።

«ለምን አልነገሩንም፣ አቦይ?» አለ በመጨረሻ።

«መቼ? ለዚያች ልጅ ልነግራት አፌን ስከፍት የዘጋህልኝ አንተ አይደለህም? 'ብረት ናቸው' አልክ። ብረት ደግሞ አይጠየቅም።»

በዚያኑ ቀን፣ ዝናቡ እየወረደ፣ በኡራኤል መንገድ መጨናነቅ ውስጥ ወደ ሆስፒታሉ በረሩ። ዶክተር ፊሮምሳ መብራቱን ወደ ዐይናቸው አቀረበ።

«ብርሃኑ በየት በኩል ነው፣ አባባ?»

«የቱ ብርሃን?»

ሐኪሙ መብራቱን ወደ ቀኝ፣ ከዚያ ወደ ግራ አዛወረ፤ እንደ ገና ጠየቀ። ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ ድምፁ አዞሩ።

«ሕመሙ መቼ ጀመረዎት?»

«ክረምቱ ሲገባ።»

ሐኪሙ መብራቱን አጥፍቶ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። «ሕመሙን አስታግሥልዎታለሁ፤» አለ። «ብርሃኑን ግን መመለስ አልችልም። በጀመረዎት ዕለት ብትመጡ ኖሮ…» ዐረፍተ ነገሩን አልጨረሰውም። ሃብተአብ ራጁን ሲሰጠው ወደ መስኮቱ አንሥቶ ለአፍታ አየውና አስቀመጠው። «የቆየ ጠባሳ ይመስላል። ይረጋገጣል፤ አክታም እንመረምራለን። ዐይናቸውን ግን ይህ አያግደውም ነበር። ያን ቀን አንድ ፎቅ ወጥተህ ብታሳየኝ፣ ቀጠሮውን አላሸጋግረውም ነበር።»

«እናንተ አይደላችሁም እንዴ ፓኬጅ ብላችሁ የሸጣችሁልኝ?» ብሎ ጮኸ ሃብተአብ። «አንተ አያስፈልግም ትላለህ፣ እታች ይሸጣል! የማንን ልስማ?»

«እውነትህን ነው፤» አለ ሐኪሙ። «ለሚመጣ ሰው ሁሉ ደረቱ እንዳይነሣ አንድ ሁለቴ ተናገርሁ፤ አልሰሙኝም፤ ከዚያ ዝም አልሁ። የእኔም ድርሻ አለበት።»

አቶ ወልደአረጋይ በሁለቱ መካከል ተቀምጠው ነበር። ማንም ወደ እሳቸው አልተመለከተም።

ምርመራው አለቀ። አክታቸው ንጹሕ ሆነ፤ ከወራት በኋላ የተነሣው ሁለተኛ ራጅ ከፊተኛው ጋር ሲነጻጸር ጥላው ንቅንቅ አላለም። ዜናው ሲሰማ ዘመድ ሁሉ ደስ አለው። ጋሽ ኪዱ፣ ይህማ ዝም ተብሎ አይታለፍም ብሎ የምስጋና ማዕድ አዘዘ፤ በግ ታረደ፣ ጎተራ ያለችው ጠባብ ሳሎን በሰው ሞላች። ሴቶቹ እልል አሉ።

«እግዚአብሔር ምን ይሳነዋል! ካንሰር አይደለም!» አለ ጋሽ ኪዱ፣ ብርጭቆውን ከፍ አድርጎ። «እንኳን ደስ ያለህ፣ ወልደአረጋይ!»

«እንኳን ደስ ያለዎት አቦይ!» አሉ ሌሎቹ።

«ካንሰር እንዳልነበረብኝ ከሁላችሁ በፊት ዐውቅ ነበር፤» አሉ አቶ ወልደአረጋይ። ሰዉ በቀልድ ወስዶት ሣቀ። ዘነበ ብቻ አንገቱን ደፋ።

ተበላ፣ ተጠጣ። ማዕዱ ከመነሣቱ በፊት እንደ ወጉ በዕድሜ የሚበልጠው ሰው እንዲመርቅ ተጠየቀ፤ የሚበልጡት እሳቸው ናቸው። ሃብተአብ ማስታጠቢያውን ይዞ ከፊታቸው ቆመ፤ በአንድ እጁ ከማንቆርቆሪያው ውኃውን እያፈሰሰላቸው ሳለ፣ አቶ ወልደአረጋይ ሁለት እጃቸውን ለምርቃት ዘረጉ።

«እግዚአብሔር ማዕዳችሁን አይንሣችሁ።»

«አሜን!»

«ስትታመሙ ሐኪም አያሳጣችሁ።»

«አሜን!»

«ሰውነታችሁን ራጅ ከማስነሣቱ በፊት፣ 'ምን ሆንህ?' ብሎ የሚጠይቅ ልጅ ይስጣችሁ።»

«አሜን!» አሉ ሁሉም፣ በለመደ አፍ፣ በአንድ ድምፅ።

«እንዴት ያለ ምርቃት ነው!» አለ ጋሽ ኪዱ።

ሃብተአብ ማንቆርቆሪያውን ማቅናት ረስቶ ነበር። ውኃው ከተዘረጉት እጆች አልፎ ወለሉ ላይ ይፈስ ነበር፤ አባቱም ስለማያዩት እጃቸውን አልመለሱም።